ፖሊስ ኃይል ሲጠቀም የዜጎች መብትና የአቤቱታ ሥርዓት

እ.ኤ.አ. በ2019 ክረምት በእስራኤል ከተሞች የታየው ቁጣ ከብዙ ቤተሰቦች አእምሮ ገና አልጠፋም። ይህ ማብራሪያ ያ ቁጣ ከምን እንደመጣ፣ ጉዳዩ በሕግ ፊት እንዴት እንደተጓዘ፣ ከዚያም በላይ አንድ ዜጋ ራሱ ወይም ልጁ በፖሊስ ተበድሏል ብሎ ሲያምን ምን ማድረግ እንደሚችል በቅደም ተከተል ያስረዳል። ማብራሪያው አጠቃላይ መረጃ ለመስጠት የተዘጋጀ በመሆኑ የጠበቃን ምክር አይተካም። ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ2019 ምን ተከሰተ?

ጁን 30 ቀን 2019 ምሽት ላይ በሃይፋ ከተማ በምትገኘው በቂርያት ሐይም በአንድ የሕዝብ መናፈሻ አካባቢ ከሥራ ሰዓት ውጪ ከቤተሰቡ ጋር የነበረ ፖሊስ በተኮሰው ጥይት የ18 ዓመት ወጣት ሕይወቱ አለፈ። ወጣቱ የኢትዮጵያ ተወላጅ ነበር። ለቤተሰቡ ክብር ሲባል በዚህ ማብራሪያ ስሙ አይጠቀስም። ፖሊሱ በወጣቶች መካከል የተነሣን ጠብ ለማስቆም ጣልቃ መግባቱን፣ ድንጋይ እንደተወረወረበትና ለሕይወቱ ሠግቶ ወደ መሬት መተኮሱን ተናገረ። በቦታው የነበሩ ሌሎች ወጣቶች ግን ሁኔታውን በዚህ መልክ አልገለጹትም። የፎረንሲክ ምርመራው ጥይቱ አስፋልቱን ከመታ በኋላ ነጥሮ ወጣቱን እንዳገኘው አመለከተ።

በማግስቱ የተቃውሞ ሰልፍ ተጀመረ። የቀብር ሥነ ሥርዓቱ በተፈጸመበት በጁላይ 2 ሰልፉ ከሃይፋ አካባቢ አልፎ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። ዋና ዋና መንገዶችና መጋጠሚያዎች ተዘጉ፤ በቴል አቪቭ የአዝሪኤሊ መጋጠሚያ ለሰዓታት ትራፊክ ቆመ። አብዛኛው ሰልፈኛ መፈክር ይዞና ድምፁን አሰምቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በአንዳንድ ስፍራ ጎማና ተሽከርካሪ ተቃጠለ፤ ድንጋይም ተወረወረ። በዚያ ዕለት ብቻ ከ130 በላይ ሰዎች መታሰራቸውንና ከ100 በላይ ፖሊሶች መቁሰላቸውን ፖሊስ አስታወቀ። ከሰልፈኞችም የተጎዱ ነበሩ።

ቁጣው ለምን ከአንድ ክስተት በላይ ሆነ?

የ2019ኙ ሰልፍ የመጀመሪያው አልነበረም። በኤፕሪል 2015 በሖሎን ከተማ የደንብ ልብስ የለበሰ የኢትዮጵያ ተወላጅ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ለሕዝብ ታየ፤ ከዚያ በኋላ በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ ትልልቅ ሰልፎች ተደረጉ። በጃንዋሪ 2019 በባት ያም የአእምሮ ሕመም የነበረበት የ24 ዓመት ወጣት በፖሊስ ጥይት ተገደለ፤ በዚያው ወር መጨረሻም በቴል አቪቭ ብዙ ሕዝብ ሰልፍ ወጣ። ስለዚህ የቂርያት ሐይሙ ወጣት ሞት ለብዙ ወላጆች የአንድ ቤት ሐዘን ብቻ አልነበረም። እናቶች ልጃቸው ማታ ሲወጣ «ፖሊስ ካስቆመህ አትመልስ፣ እጅህን ከኪስህ አውጣ» እያሉ መምከር ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረው ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት በትውልድ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከኢትዮጵያ የመጡ አባቶችና እናቶች «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ብሂል ሰምተው ያደጉ ናቸው። የመንግሥት ሰው ሲበድል ዝም ማለት፣ ለሽማግሌ መንገር፣ ጊዜ መጠበቅ እንደ ጨዋነት ይቆጠር ነበር። በዚህ አገር የተወለዱት ልጆቻቸው ግን በሠራዊቱ አገልግለው፣ በዕብራይስጥ ተምረው፣ እንደማንኛውም ዜጋ እኩል ለመታየት የሚጠብቁ ናቸው። ወላጆች የማያቀርቡት አቤቱታ ይጠራቀማል፤ ልጆች ደግሞ የተጠራቀመውን በአደባባይ ያወጡታል። ይሁን እንጂ በእስራኤል ሕግ ፖሊስ ይከሰሳል። ከዚህ በታች ያለው የማብራሪያው ክፍል የተጻፈው ይህ በተግባር እንዴት እንደሚሆን ለማስረዳት ነው።

ጉዳዩ በፍርድ ቤት እንዴት ተቋጨ?

ምርመራውን ያካሄደው ፖሊስ ራሱ ሳይሆን በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው የፖሊሶች ምርመራ ክፍል ነው። ይህ ክፍል በዕብራይስጥ ምሕጻረ ቃል «ማሐሽ» ተብሎ ይታወቃል። በ2020 መጀመሪያ ፖሊሱ በቸልተኝነት ሞት በማድረስ ወንጀል ተከሰሰ። የዚህ ወንጀል ከፍተኛ ቅጣት 3 ዓመት እስራት ነው። ብዙ የማኅበረሰቡ አባላት ክሱ ቀሏል ብለው ቅሬታቸውን አሰሙ። በ2023 የሃይፋ ፍርድ ቤት ፖሊሱን በነፃ አሰናበተ፤ ውሳኔውን ተከትሎም እንደገና የተቃውሞ ድምፅ ተሰማ።

ከዚህ መረዳት የሚገባው አንድ ነገር አለ። በወንጀል ችሎት ተከሳሽ የሚቀጣው ጥፋቱ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ማስረጃ ከጎደለ ወይም ከዘገየ፣ የሕዝብ ሐዘን የቱንም ያህል ቢበረታ ጉድለቱን አይሞላውም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት የሚሰበሰበው ማስረጃ ከዓመታት በኋላ በሚሰጠው ፍርድ ላይ ትልቅ ድርሻ ይኖረዋል።

ከሰልፎቹ በኋላ በአሠራር ምን ተለወጠ?

ከ2015ቱ ሰልፎች በኋላ መንግሥት በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በወይዘሮ ኤሚ ፓልሞር የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በ2016 ባቀረበው ሪፖርት በኢትዮጵያ ተወላጆች ላይ ዘረኝነት መኖሩን በግልጽ ተቀብሎ 53 ምክረ ሐሳቦችን አቀረበ። ከነዚህ ምክረ ሐሳቦች የተወለደው በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ የሚሠራው ዘረኝነትን የመዋጋት አስተባባሪ የመንግሥት ክፍል ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ዘረኝነትን የመከላከል ኃላፊዎች ተመድበዋል።

በፍርድ ቤት በኩልም አንድ ትልቅ ለውጥ መጣ። ፖሊስ ምንም ጥርጣሬ በሌለበት ሁኔታ ሰዎችን አስቁሞ መታወቂያ እንዲጠይቅ የሚፈቅድ የውስጥ መመሪያ ነበር። «ጠበቃ» የተባለው የኢትዮጵያ ተወላጆች የመብት ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ ይህን መመሪያ ተቃውሞ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አቤት አለ። በጃንዋሪ 2021 ፍርድ ቤቱ መመሪያው የሕግ ሥልጣን እንደሌለው ወሰነ። የቆዳ ቀለም ብቻውን የጥርጣሬ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ፖሊስ ሲያስቆምዎ ምን ማወቅ ይገባዎታል?

ፖሊሱ ራሱን የማስተዋወቅና ያስቆመበትን ምክንያት የመንገር ግዴታ አለበት። የደንብ ልብስ ከለበሰ ስሙ የተጻፈበት ምልክት በግልጽ መታየት አለበት። የደንብ ልብስ ካልለበሰ የፖሊስ መታወቂያውን እንዲያሳይ በትሕትና መጠየቅ ይቻላል። በሌላ በኩል፣ ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው ነዋሪ መታወቂያውን የመያዝ ግዴታ አለበት፤ ፖሊስ በሕግ ሥልጣኑ መሠረት ሲጠይቀውም ማሳየት ይኖርበታል።

ማቆየትና ማሰር የተለያዩ ናቸው። በዕብራይስጥ «ዒኩቭ» የሚባለው ማቆየት ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሲኖር ማንነትን ለማጣራት ወይም ለመጠየቅ የሚደረግ ነው፤ በመርሕ ደረጃ ከ3 ሰዓት አይበልጥም። ብዙ ሰዎች በአንድነት ሲቆዩ፣ ለምሳሌ በሰልፍ ላይ፣ ኃላፊ የሆነ መኮንን ምክንያቱን መዝግቦ ተጨማሪ 3 ሰዓት ሊፈቅድ ይችላል።

ፍተሻን በተመለከተ፣ የሰውን አካል ወይም ቦርሳ ለመፈተሽ ፖሊሱ በሕግ የተሰጠ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል። ጥርጣሬ ሳይኖር በፈቃድዎ ሊፈትሽዎ ከፈለገ፣ እምቢ ማለት እንደሚችሉና እምቢታዎ እንደማይጎዳዎት አስቀድሞ ሊነግርዎ እንደሚገባ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2012 ወስኗል።

ድርጊቱ ሕገ ወጥ ነው ብለው ቢያምኑም በኃይል አይቃወሙ፤ አይሩጡም። ፖሊስን መግፋት ወይም ሥራውን ማደናቀፍ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ብዙ ጊዜ ተበዳይ ሆኖ የመጣው ሰው በዚህ ምክንያት ተከሳሽ ሆኖ ይወጣል። ተቃውሞዎን በቃል ይግለጹ፣ የፖሊሱን ስም ይያዙ፣ አቤቱታዎን በኋላ ያቅርቡ። የፖሊስን ሥራ ሳያደናቅፉ በሕዝብ ቦታ በስልክ መቅረጽ አይከለከልም።

ከታሰሩ፣ ወይም ልጅዎ ከታሰረ

የታሰረ ሰው የታሰረበት ምክንያት ሊነገረው ይገባል። የመሰከረው ነገር በእሱ ላይ ማስረጃ ሊሆን ስለሚችል ዝም የማለት መብት አለው። ከምርመራ በፊት ከጠበቃ ጋር የመመካከርና መታሰሩን ለቅርብ ሰው የማሳወቅ መብትም አለው። የግል ጠበቃ የሌለው ሰው የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት እንዲጠራለት መጠየቅ ይችላል፤ ጽሕፈት ቤቱ በዕብራይስጥ «ሳኔጎርያ ጽቡሪት» ይባላል። ለአቅመ አዳም የደረሰ እስረኛ በመርሕ ደረጃ በ24 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት።

ቋንቋን በተመለከተ፣ ተጠርጣሪ በሚገባው ቋንቋ የመመርመር መብት አለው። ዕብራይስጥ በደንብ የማይችሉ ከሆነ አስተርጓሚ ይጠይቁ። አንብበው ባልተረዱት የቃል መስጫ ወረቀት ላይ አይፈርሙ። «ፈርምና ወደ ቤትህ ሂድ» መባል ለመፈረም በቂ ምክንያት አይደለም።

ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ሕጉ ተጨማሪ ጥበቃ ያደርጋል። ተጠርጣሪ ልጅ ለምርመራ ሲጠራ ወይም ሲታሰር ለወላጅ መነገር አለበት። በሕጉ ከተቀመጡ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ያልታሰረ ልጅ ሲመረመር ወላጅ አብሮት እንዲገኝ ይፈቀዳል፤ የታሰረ ልጅም ከምርመራው በፊት ከወላጁ ጋር መመካከር ይችላል። ከ14 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በ12 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። የሌሊት ምርመራም በመርሕ ደረጃ የተከለከለ ነው። ወላጆች ሆይ፣ ከፖሊስ ጣቢያ ስልክ ሲደወልላችሁ በኀፍረት ወይም በቁጣ ልጁን «ያደረግከውን ተናገር» ብላችሁ አታስገድዱት። በመጀመሪያ ጠበቃ እንዲያነጋግረው አድርጉ። ቤተሰባዊው ተግሣጽ ልጁ ወደ ቤት ሲመለስ ይደርሳል።

ሰልፍ መውጣት መቼ ፈቃድ ያስፈልገዋል?

ሐሳብን በሰልፍ መግለጽ በእስራኤል የተጠበቀ መብት ነው። መፈክር ይዞ በአንድ ቦታ መቆም፣ ከተለያዩ ንግግሮችና ከጉዞ ውጪ ከሆነ፣ ፈቃድ አያስፈልገውም። 50 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች በሰልፍ ሲጓዙ፣ ወይም ይህን ያህል ሰው በሜዳ ላይ ተሰብስቦ ፖለቲካዊ ንግግር ሲሰማ፣ ከፖሊስ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ማመልከቻውም ቢያንስ ከ5 ቀን በፊት ይቀርባል። ፖሊስ ሐሳቡን ስላልወደደው ፈቃድ መከልከል አይችልም።

ያለ ፈቃድ መንገድ ከተዘጋ ፖሊስ ሰልፈኞችን ሊበትን ይችላል። ሕገ ወጥ ስብሰባና ሁከት ማስነሣት በወንጀል ሕግ ቅጣት አላቸው። የወንጀል መዝገብ ደግሞ በወጣቱ ላይ የሠራዊት ምደባን፣ የሥራ ፈቃድንና የመንግሥት ሥራን ሊያስተጓጉል ይችላል። በ2019 በአንድ ምሽት የታሰሩት ብዙዎቹ ገና በመጀመሪያ የሕይወት እርምጃቸው ላይ የነበሩ ወጣቶች መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። ከዚህ ቀደም የተፈረደበት ሰው ለአገሪቱ ፕሬዚዳንት የይቅርታና የመዝገብ ስረዛ ማመልከቻ ማቅረብ ይችላል።

አቤቱታ ለማን ይቀርባል?

ሦስት በሮች አሉ፤ ሥራቸውም የተለያየ ነው።

1. የፖሊሶች ምርመራ ክፍል፣ ማሐሽ። ፖሊስ ከሕግ ውጪ ኃይል ተጠቅሟል፣ ደብድቧል፣ ተኩሷል ወይም ሌላ ከአንድ ዓመት በላይ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ፈጽሟል ብለው ካመኑ አቤቱታው ወደዚህ ይሄዳል። አቤቱታውን ማቅረብ ክፍያ የለውም፤ ጠበቃ መያዝም ግዴታ አይደለም።

2. የፖሊስ የሕዝብ አቤቱታ ክፍል። ስድብ፣ ክብር የሚነካ ንግግር፣ ስምን አለመናገር፣ ተገቢ ያልሆነ አገልግሎትና የመሳሰሉት የሥነ ምግባር ጉድለቶች እዚህ ይቀርባሉ።

3. ዘረኝነትን የመዋጋት አስተባባሪ ክፍል። በቀለም ወይም በትውልድ ምክንያት ልዩነት እንደተደረገብዎት ከተሰማዎት ለዚህ ክፍል ማሳወቅ ይችላሉ። ክፍሉ ፖሊስን ራሱ አይመረምርም፤ አቤቱታውን ግን ለሚመለከተው አካል ያደርሳል፣ ሂደቱንም ይከታተላል።

የትኛው በር እንደሚመለከትዎ እርግጠኛ ካልሆኑ ይህ ከማመልከት አያግድዎ። ወደ ተሳሳተ ቦታ የቀረበ አቤቱታ ወደ ትክክለኛው ሊተላለፍ ይችላል፤ ያልቀረበ አቤቱታ ግን የትም አይደርስም።

አቤቱታን የሚያጠናክረው ምንድን ነው?

- ፍጥነት፦ የሱቆችና የመንገድ ካሜራዎች ምስል ከጥቂት ቀናት በኋላ በአዲስ ቅጂ ሊተካ ይችላል። የካሜራውን ቦታ ወዲያውኑ መዝግበው፣ ምስሉ እንዳይጠፋ በአቤቱታዎ ውስጥ ይጠይቁ። ፖሊሱ በልብሱ ላይ ካሜራ ከነበረው ይህንንም ይጻፉ።
- የሕክምና ማስረጃ፦ ጉዳት ከደረሰብዎ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ጉዳቱ በምን ምክንያት እንደደረሰ ለሐኪሙ ይንገሩና እንዲጻፍ ያድርጉ። ቁስሉንም ፎቶግራፍ ያንሡ።
- ምስክሮች፦ የነበሩትን ሰዎች ስምና ስልክ ይያዙ። በየመንገዱ የተለያዩ ምስክሮችን ከወር በኋላ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።
- የራስዎ ቃል፦ የሆነውን በዚያው ምሽት በሚቀልዎት ቋንቋ ይጻፉ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የፖሊሱ ስም፣ የተነገረው ቃል። ያላዩትን አይጨምሩ፤ ለራስዎ የማይመቸውንም አይተዉ። እርስዎም ተሳድበው ወይም ገፍተው ከነበረ ይጻፉት፤ በኋላ በካሜራ ቢገለጥ ሙሉውን ቃልዎን ያሳጣዎታል።

በእርስዎ ላይ የወንጀል ክስ ካለ አቤቱታውን ከማቅረብዎ በፊት ከጠበቃዎ ጋር ይመካከሩ፤ በአቤቱታው የሚሰጡት ቃል በክሱ ላይ ሊነሣ ይችላልና።

አቤቱታው ከተዘጋስ?

ብዙ አቤቱታዎች ወደ ክስ አይደርሱም። አንዳንዶቹ ሳይመረመሩ፣ ሌሎቹ በማስረጃ እጥረት ይዘጋሉ። ይህ ግን የመጨረሻው ቃል አይደለም። አቤት ባዩ መዝገቡ የተዘጋበትን ምክንያት በጽሑፍ የማወቅ መብት አለው፤ ማስታወቂያው ከደረሰው በኋላም በ60 ቀናት ውስጥ ለመንግሥት ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ይግባኝ ማቅረብ ይችላል። ስለዚህ የመዝጊያው ደብዳቤ የመጣበትን ፖስታ ሳይቀር ያስቀምጡ፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ደብዳቤው በዕብራይስጥ ከሆነ በማግስቱ የሚያነብልዎ ሰው ይፈልጉ።

የወንጀል መዝገብ ቢዘጋም የፍትሐ ብሔር የካሳ ክስ መንገድ ክፍት ነው። በፍትሐ ብሔር የሚጠየቀው የማስረጃ ደረጃ ከወንጀሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ክሱን ለማቅረብ ያለው ጊዜም በመርሕ ደረጃ 7 ዓመት ነው። አቅም የሌለው ሰው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ወዳለው የሕግ ድጋፍ ክፍል ሄዶ ጠበቃ እንዲመደብለት መጠየቅ ይችላል።

ሰው ከሞተ የቤተሰቡ መብት ምንድን ነው?

ሐዘን በገባበት ቤት ስለ ወረቀት ማሰብ ከባድ ነው። በልቅሶው ሰባት ቀን ውስጥ ግን ሊዘገዩ የማይችሉ ውሳኔዎች ይኖራሉ። ከመካከላቸው ዋናው የአስከሬን ምርመራ ነው። ቤተሰቡ በሃይማኖትና በባህል ምክንያት ሊቃወም ይችላል፤ ምርመራ አድራጊው አካል ደግሞ ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ቤተሰቡ ሐሳቡን የማሰማት መብት አለው። ያለ ምርመራ መቅበር አንዳንዴ የሞቱን ምክንያት ለዘለዓለም ሊሸፍነው እንደሚችል ግን መታወቅ አለበት። ከመወሰን በፊት ጠበቃና የማኅበረሰቡን ቄስ በአንድነት ማማከር ይጠቅማል።

የቅርብ ዘመድ ሞቱ ተፈጥሯዊ እንዳልሆነ የሚያሳይ ምክንያት ካለው፣ ዳኛ የሞቱን መንስኤ እንዲያጣራ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። በወንጀል ምክንያት ሰው የሞተበት ቤተሰብም በ2001 በወጣው የወንጀል ተጎጂዎች መብት ሕግ መሠረት ጉዳዩ ያለበትን ደረጃ የማወቅና በችሎቱ የመገኘት መብት አለው። ለዚህም ከቤተሰቡ አንድ ዕብራይስጥ የሚችል ሰው ተጠሪ ሆኖ ቢመደብ፣ እናትና አባት በየጊዜው አዲስ ሐዘን ከመስማት ይድናሉ።

በመጨረሻም

በ2019 በመንገድ ላይ የቆሙት ወጣቶች የጠየቁት ጥያቄ በሰልፍ ብቻ መልስ አያገኝም፤ አንድ አቤቱታም ብቻውን አይመልሰውም። ሆኖም የተጻፈ፣ ቀን ያለው፣ ማስረጃ የተያያዘበት አቤቱታ በመዝገብ ይቀመጣል። ዛሬ በአንድ ፖሊስ ላይ የቀረበው አቤቱታ ነገ በዚያው ፖሊስ ላይ ለሚቀርበው ሌላ አቤቱታ ድጋፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በደል ሲደርስብዎ ወይም ሲያዩ አቤቱታዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፣ የተሰጠዎትን የመዝገብ ቁጥር ይያዙ፣ መልስ ካልመጣም ቁጥሩን ጠቅሰው ደግመው ይጠይቁ። አረጋውያን ወላጆች በአማርኛ እንዲስተናገዱ ወይም አስተርጓሚ እንዲቀርብላቸው ከመጀመሪያው መጠየቅ ይችላሉ።